ጓንትም ያጋባል፦ ስለ ፎረንሲክ ማስረጃ አያያዝ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፎረንሲክ (ለወንጀል ምርመራ በሳይንስ ስለሚመረመር) ማስረጃ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። እኔም ዘንድ ደርሷል። አጻጻፉ ይጥማል። ጸሐፊው ዲኤንኤ ምን እንደሆነ ያስረዱበት ክፍል ለማንም የሚገባ ነው። ስለ ማስረጃ ብክለት (የሌላ ሰው ወይም ዕቃ ርዝራዥ ማስረጃው ላይ መጋባቱ) የጻፉት ግን እንዳለ ከተወሰደ ሰው ያሳስራል። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። የማስረጃ ብክለት የሚባለው ነገር ተጋኗል። መርማሪው ጓንት ካደረገ፣ መሣሪያውን በአልኮል ከጠረገ፣ ስቴራይል (ከተህዋሲያን የጸዳ) ጥጥ ከተጠቀመና ኤግዚቢቱን (ለማስረጃ የተያዘውን ዕቃ) ፌስታል ውስጥ አጥብቆ ካሰረ በቂ ነው። የቀረውን ላቦራቶሪው ያጣራዋል። ብክለት ቢኖር እንኳ ማስረጃ ያጠፋል፣ ለወንጀለኛም ጊዜ ይገዛል እንጂ ንጹህ ሰው ላይ ማስረጃ አይፈጥርም። «ተበክሏል» የሚለው ክርክር የጠበቆች ማምለጫ ነው፤ ተበክሏል የሚል ራሱ ያረጋግጥ። ነጫጭ ቱታና ልዩ ልዩ ክፍል የሀብታም አገር ቅንጦት ነው። ዜጋውም አጠራጣሪ ነገር ካገኘ ጠቅልሎ ለፖሊስ ያድርስ።

በእሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። በጣም ከሚያሳስበኝ ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ንጹህ ሰው አይታሰርበትም?

ቦታው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ነው። ጊዜው ሐምሌ 2006። አንዲት የ48 ዓመት ሴት በአንድ የምሽት ክበብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች። ምን እንደሆነች አታስታውስም። ተደፍራ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሆስፒታል ተወሰደች። ተመረመረች፣ ናሙና ተወሰደ፣ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ውጤቱ መዝገብ ላይ ከነበረ የአንድ ወጣት ዲኤንኤ ጋር ገጠመ። ልጁ የሶማሊያ ተወላጅ ነው። ከእኛው ከአፍሪካ ቀንድ የሄደ።

ልጁ በዚያ ምሽት ቤት ነበርኩ አለ። አባቱ በጽኑ ታመው ስለነበር አጠገባቸው ነበርኩ አለ። ቤተሰቡም ይህንኑ ተናገረ። የዚያ ምሽት ዝግጅት ዕድሜያቸው ከ28 በላይ ለሆኑ ሰዎች ነበር፤ እሱ ደግሞ ገና 20 ዓመት ገደማ። እዚያ አየሁት ያለ ሰው አልተገኘም። ከዲኤንኤው በቀር በእሱ ላይ የቀረበ ምንም ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ 2008 ላይ ጥፋተኛ ተባለ። 6 ዓመት ተፈረደበት።

እውነቱ የወጣው ጉዳዩ ለይግባኝ እንደገና ሲታይ ነው። ያቺ ሴት ከመመርመሯ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሐኪም እጅ ሌላ ሴት ተመርምራ ነበር። ልጁ ከዚህችኛዋ ጋር ግንኙነት ነበረው። በዚያ ጉዳይ ክስ አልተመሠረተበትም፤ ዲኤንኤው ግን መዝገብ ላይ ቀርቷል። ከእሷ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ሁለተኛዋ ሴት ናሙና ተሻገረ። ልጁ ታኅሣሥ 2009 ነጻ ሲወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ታስሮ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተሾሙት የቀድሞው ዳኛ ፍራንክ ቪንሰንት 2010 ላይ ባወጡት ሪፖርት ከዚህም የባሰ ነገር ተናገሩ። ልጁ የታሰረበት ወንጀል ራሱ ከነጭራሹ አልተፈጸመም ማለት ይቻላል አሉ።

እንግዲህ ጸሐፊውን ልጠይቅ። እዚህ ጉዳይ ላይ ላቦራቶሪው ምን ሊያጣራ ይችል ነበር? የመጣለትን ናሙና መረመረ። ናሙናው ውስጥ የልጁ ዲኤንኤ በእርግጥ ነበረ። ውጤቱም ትክክል ነበር። የተበከለ ናሙና ቀለሙ አይለወጥም፣ አይሸትም፣ ማሽኑ ላይም ምልክት አያሳይም። ጥርት ያለ የአንድ እውነተኛ ሰው ዲኤንኤ ሆኖ ነው የሚወጣው። ውጤቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። በማን እጅ፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደመጣ አይናገርም። ይህን ሊመልስ የሚችለው ናሙናው ሲወሰድ የተደረገውና የተጻፈው ነገር ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ላቦራቶሪው ራሱስ?

ላቦራቶሪ ሲባል ስህተት የማይገባበት ቦታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። 2011 ላይ በእንግሊዝ ማንችስተር አንዲት ሴት መናፈሻ ውስጥ ተደፈረች። የናሙናው ውጤት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከሚኖር አንድ ወጣት ጋር ገጠመ። ያ አካባቢ ከማንችስተር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልጁ ማንችስተርን አላውቃትም አለ። ማን ይስማው? አምስት ወር ገደማ ታሰረ። በኋላ የስልኩ መረጃ ሲታይ በዚያ ሰዓት አካባቢ እዚያው ደቡብ ምዕራብ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ነበር። ሲጣራ ምክንያቱ አንዲት ፕላስቲክ ትሪ ሆና ተገኘች። አንድ ጊዜ አገልግላ መጣል የነበረባት ናት። በሌላ ቀላል ጉዳይ የተወሰደ የልጁ ምራቅ የተሠራባት ትሪ ለማንችስተሩ ናሙና ድጋሚ ዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማየት ቁጥሩን ልብ በሉ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ 6 ፒኮግራም ያህል ነው። ፒኮግራም የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። የዛሬ ጊዜ ምርመራ ከ100 ያነሱ ሴሎች ካገኘ ሙሉ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ፒሲአር በሚባለው ዘዴ ዲኤንኤውን እያባዛ ነው። በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። 28 ዙር ሲሄድ፣ ሁሉም ነገር ከሰመረ፣ አንዷ ቅንጣት ወደ 268 ሚሊዮን ቅጂ ትደርሳለች። እንግዲህ ከተባዛው ውስጥ ዓይን የማያያት ጠብታ ተፈናጥራ ገና ያልተሠራ ናሙና ውስጥ ብትገባ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ለዚህ ነው ደንበኛ ላቦራቶሪ ክፍሎቹን የሚለየው። ናሙና የሚወጣበት ክፍል ሌላ፣ የሚባዛበት ክፍል ሌላ። ሥራው የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው። ማባዣው ክፍል የዋለ ሰው በዚያው ጋዋን ወደ መጀመሪያው ክፍል አይመለስም። እስክሪብቶው እንኳ አይሻገርም። ጸሐፊው ቅንጦት ካሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ናሙና አብሮ ይሠራል። ባዶው ላይ ዲኤንኤ ከታየ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ሁሉን አይዝም። ብክለቱ አንዲት ትሪ ላይ ወይም አንድ ናሙና ላይ ብቻ ከሆነ ባዶው ንጹህ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የሆስፒታሉን ብክለት ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም።

ጓንቱና አልኮሉ

ጓንት የማንን እጅ ነው የሚሸፍነው? የመርማሪውን። የመርማሪው ዲኤንኤ ኤግዚቢቱ ላይ እንዳያርፍ ይረዳል፤ ይህ እውነት ነው። ከአንዱ ኤግዚቢት ወደ ሌላው የሚሻገረውን ግን ጓንቱ ራሱ ነው የሚያሻግረው። በየቤታችን ይህን የማያውቅ የለም። ክትፎ የተከተፈበት ቢላ የጾም ምግብ አይነካበትም። ቢላው ደህና ስለመሰለ ማንም አይሞክረውም። የተጎጂዋን ቀሚስ የያዘ ጓንት የተጠርጣሪውን ጃኬት ሲይዝም ነገሩ ያው ነው። እንዲያውም ሰው ጓንት ሲያደርግ ይደፍራል። ስልኩን ያነሳል፣ አፍንጫውን ያክካል፣ የመኪናውን በር ይከፍታል፣ ከዚያ ተመልሶ ቢላዋውን ያነሳል።

ስለዚህ ደንቡ «ጓንት አድርግ» የሚል ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ መካከል ቀይር ነው። ብዙዎች ሁለት ጓንት ደርበው የላይኛውን ብቻ እየቀየሩ ይሠራሉ። ማስክም አለ። ኤግዚቢት ላይ አጎንብሶ የሚያወራ ሰው ምራቁ ይረጫል።

አልኮሉን በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን አደባልቀዋል። አልኮል ተህዋሲያን ይገድላል። ዲኤንኤ ግን ሕይወት ያለው ነገር አይደለም፤ የሚገደል ነገር የለውም። ላቦራቶሪ ውስጥ ዲኤንኤን ከፈሳሽ ለይተን ለማውጣት የምንጠቀመው አንዱ ነገር እኮ ቀዝቃዛ አልኮል ነው! መቀስ በአልኮል ሲጠረግ ዲኤንኤው በጨርቁ ሊነሳ ይችላል፤ የቀረው ግን እንዳለ ነው። ዲኤንኤን የሚሰባብረው በረኪና ነው። በውሃ አዲስ ተበጥብጦ፣ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በንጹህ ውሃ ይጠረጋል። ካልተጠረገ የሚቀጥለውን ናሙናም ይበላዋል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ከሁሉ የሚሻለው አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል ነው።

ንክኪው ደግሞ ከመርማሪው በፊት ሊጀምር ይችላል። 2012 ላይ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ አቅራቢያ፣ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ጥፍሩ ላይ የአንድ ቤት የሌለው ሰው ዲኤንኤ ተገኘ። ሰውየው ግን በዚያ ሌሊት ሰክሮ ወድቆ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መዝገብ አለ። ከአምስት ወር በላይ ከታሰረ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠው። ሰካራሙን ያነሱት የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሰዓታት በኋላ ሟቹ ቤት ተጠርተው ነበር። ምናልባት በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ያወቅናት ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ናት ያሻገረችው ተብሏል። እነዚያ ሠራተኞች ነፍስ ለማዳን እየሮጡ ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። ግን ማን ማንን እንደነካ የሚያሳይ መዝገብ ባይኖር ያ ሰው ሞት የሚያስፈርድ ክስ ፊት ብቻውን ይቆም ነበር።

ስቴራይል የተባለው ጥጥ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያስቡት ከዓለም ትልቁን ምሳሌ ነው የጠሩት። ስቴራይል ጥጥ በቂ ነው አሉ። ጀርመኖችም እንዲያ ብለው ነበር።

ጀርመን ውስጥ በ1993 ከተገደሉ አንዲት አዛውንት ጉዳይ የተያዘ ናሙና 2001 ላይ ሲመረመር የአንዲት የማትታወቅ ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። በዚያው ዓመት ፍራይቡርግ በተፈጸመ ሌላ ግድያ ላይ ያቺው ሴት ብቅ አለች። ከዚያ ሰው ሰብሮ የገባበት መኪና ላይ። ሄሮይን የተወጋበት መርፌ ላይ። ከፊሉ ተበልቶ የተጣለ ብስኩት ላይ። በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 በሚጠጉ ጉዳዮች ላይ ተገኘች። ሚያዝያ 2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት የ22 ዓመት ፖሊስ መኪናዋ ውስጥ ተተኩሶባት ስትሞት ያቺው ሴት እዚያም ነበረች። ለጠቆመ 300,000 ዩሮ ሽልማት ተባለ። ጋዜጦች ስም አወጡላት፤ የሃይልብሮን ፋንተም (ስውር መንፈስ) እያሉ ጻፉላት። የሚገርመው፣ ሴትየዋን አየሁ የሚል ሰው የለም። አብረዋት ወንጀል ሠሩ የተባሉት ተይዘው እንኳ የምን ሴት ይሉ ነበር። መርማሪዎቹም ይህን ያነበቡት እንዴት ያለች ተንኮለኛ ናት ብለው ነው።

መጋቢት 2009 ላይ ነገሩ ፈረሰ። ፖሊሶች የአንድ ተቃጥሎ የሞተ ሰው ማንነት ሊያጣሩ ጥገኝነት ሲጠይቅ ከሰጠው የጣት አሻራ ላይ ናሙና ወሰዱ። ሰውየው ወንድ ነው። ዲኤንኤው የዚያች ሴት! በሌላ ጥጥ ደግመው ሲሠሩት ጠፋች። ሴትየዋ ለካ ወንጀለኛ ሳትሆን የናሙና ጥጥ የሚታሸግበት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ጥጡ ስቴራይል ነበር፤ ተህዋሲያን የለበትም። የእሷ ሴሎች ግን ነበሩበት። ጥጡ ለዲኤንኤ ሥራ ተብሎ ያልተረጋገጠም ነበር። ባቫሪያ ግዛት ሌላ ዓይነት ጥጥ ትጠቀም ስለነበር ሴትየዋ በዚያ በኩል ድርሽ አላለችም። ይህ ለብቻው መጠርጠር ነበረበት።

የፖሊሷ ግድያ እውነተኛ ፍንጭ የተገኘው ከዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። 2011 መጨረሻ ላይ ኤንኤስዩ ከተባለ የኒዮናዚ ቡድን ጋር ተያያዘ። በመካከሉ መርማሪዎች የሌለች ሴት ሲያሳድዱ ዓመታት አልፈዋል። ብክለት ለወንጀለኛ ጊዜ ይገዛል የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ እዚህ ላይ ትክክል ነው። ግን እሳቸው ጥሩ ነው ባሉት ዕቃ በኩል ነው የገዛለት።

ከዚህ በኋላ ነው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 2016 ላይ አይኤስኦ 18385 የተባለውን ደረጃ ያወጣው። ናሙና መሰብሰቢያ ዕቃ የሰው ዲኤንኤ እንዳይኖርበት ለአምራቾች የወጣ ነው። ዕቃ የሚገዛ ክፍል ጥቅሉ ላይ ስቴራይል የሚል ቃል ሲያይ መርካት የለበትም። ፎረንሲክ ደረጃ አለው ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሌላው መፍትሔ የመለያ መዝገብ ነው። የመርማሪዎች፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞች፣ ከተቻለም የአምራቹ ሠራተኞች ዲኤንኤ ተመዝግቦ ይያዛል። የማይታወቅ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚታየው ከውስጥ ነው።

ፌስታሉ

ይህን ቶሎ ልለፈው። ደም ያለበት ወይም እርጥብ ነገር ፌስታል ውስጥ ሲታሰር ይታፈናል፣ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይበላሻል። መጀመሪያ ተለይቶ ይድረቅ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ወይም በካኪ ፖስታ፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ሁለት ሸሚዝ በአንድ ከረጢት አይገባም። አፉ ይታሸግና እሽጉ ላይ ፊርማና ቀን ይጻፍ።

ግን ወረቀትም ለሁሉ አይሆንም። ቤት ተቃጥሎ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ከተጠረጠረ ወረቀት ሽታውን ያስወጣዋል፤ ተራ ፌስታልም ቢሆን ያሳልፈዋል። ያ በጥብቅ በሚዘጋ ቆርቆሮ ወይም ለዚሁ በተሠራ የናይለን ከረጢት ነው የሚያዘው። አለዚያ የቤንዚኑ ትነት አጠገቡ ወዳለው ኤግዚቢት ይሻገራል። የመርማሪዎቹ ጄነሬተር ነዳጅ የፈሰሰበት ጫማም እንደዚሁ።

የጠበቃ ማምለጫ?

እዚህ ጋ ለጸሐፊው ግማሽ መንገድ እሄድላቸዋለሁ። ብክለትን ያለ ምንም መነሻ የሚያነሳ ጠበቃ አለ። «ሊሆን ይችላል» ብቻውን ውሃ አያነሳም። ማስረጃ ሁሉ ይጣል የሚል ሰው ካለ እኔም አልስማማም።

«ተበክሏል የሚል ያረጋግጥ» የሚለው ግን ከላይ ባልኩት ምክንያት አይሠራም። ምልክት የማይተው ነገር በምን ይረጋገጣል? እስር ቤት ያለ ሰው ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ትናንት ማን እንደነበረ ከየት ያውቃል? ማስረጃውን የያዘው ወገን ነው እንዴት እንደያዘው ማሳየት ያለበት። ማን አነሳው፣ በስንት ሰዓት፣ ጓንቱ መቼ ተቀየረ፣ ማን ተረከበው፣ የት አደረ።

ነገሩ የዲኤንኤም ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 1999 ታዋቂዋ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን አቅራቢ ጂል ዳንዶ ለንደን ውስጥ በራፏ ላይ ተተኩሶባት ተገደለች። ከዓመት በኋላ ከአንድ ሰው ካፖርት ኪስ ውስጥ አንዲት የተኩስ ብናኝ ተገኘች። አንዲት ብቻ። ጥይት ሲተኮስ ብዙውን ጊዜ እርሳስ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ ያለበት ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። ካፖርቱ ግን ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት የፖሊስ ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ተሰቅሎ ፎቶ ተነስቶ ነበር፤ ብናኟ እዚያ ልትጋባበት ትችል ነበር። ሰውየው 2001 ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን 2007 ላይ ሻረው፤ በድጋሚው ችሎት 2008 ላይ ነጻ ተባለ። 8 ዓመት ገደማ ሄደ።

ጣሊያን ፔሩጂያ 2007 ላይ በተገደለችው እንግሊዛዊት ተማሪ ጉዳይ ደግሞ ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ የጡት መያዣ መቆለፊያ ነበር። ወለሉ ላይ ከታየ በኋላ የተነሳው ከ46 ቀን በኋላ ነው። በመካከሉ ቦታውን ለቅቋል። ሲነሳ የተቀረጸው ቪዲዮ ላይ የያዘው ጓንት መቆሸሹ ይታያል። የተከሰሱት ወጣቶች በመጨረሻ 2015 ላይ ነጻ ተባሉ። ልብ በሉ፣ ይህን ማየት የተቻለው ቪዲዮ ስለተቀረጸ ነው። መዝገብ ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚጠቅመው እንዲህ ነው። በደንብ የተያዘና የተጻፈ ማስረጃ ፊት ያ ጠበቃ የሚለው ያጣል።

ቅንጦት ነው?

ጸሐፊው ያነሱት የገንዘብ ጉዳይ እውነት ነው። ማባዣ ማሽን ውድ ነው፤ በየክልሉ አይተከልም። ግን ዲኤንኤ ለእኛ ሩቅ አገር ነገር አይደለም። መጋቢት 2019 ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲሞቱ ቤተሰቦች የወገኖቻቸውን አስከሬን ለመለየት የዲኤንኤ ናሙና ሰጥተዋል። እዚያ ላይ የአንዱ ከአንዱ ቢቀላቀል የሚከተለውን መገመት አያቅትም።

ብክለትን ከሚከላከሉት ነገሮች አብዛኛው ደግሞ ገንዘብ አይፈልግም። ተጠርጣሪውን የያዘው ፖሊስ የተጎጂዋን ልብስ አይሰብስብ። ተጠርጣሪውን ያጓጓዘ ፒክአፕ በዚያው ቀን ተጎጂዋን አያጓጉዝ። ጣቢያ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡ። የሁለቱ ልብስ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገለጥ። አስከሬኑ ወዳለበት የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ ይሁን፤ የገባ ሰው ስም በር ላይ ይጻፍ። ይህ ሁሉ የሰው ምደባና አንድ ደብተር ነው። የሜልበርኑን ልጅ የሚያድነውም ይህ ነበር። በሁለቱ ሴቶች መካከል ክፍሉ በበረኪና ቢጸዳና ሁለቱ እዚያ መመርመራቸው መዝገቡ ላይ ቢሰፍር ኖሮ እኮ ነገሩ ያኔውኑ ይያዝ ነበር።

የእኛ ከባዱ ችግር የማሽኑ እጦት አይመስለኝም። ሰው ሲሞት የምናደርገው ነው። ጩኸት ይሰማል፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል። እናት አስከሬኑ ላይ ትወድቃለች፤ ማን ይከለክላታል? ጎረቤት ነውር ነው ብሎ ጋቢውን አውልቆ ያለብሰዋል። ያ ጋቢ የጎረቤቱን ፀጉርና ላብ፣ የልጆቹን፣ የአልጋውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። 1994 ላይ የቀድሞ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰው ታዋቂ አሜሪካዊ ስፖርተኛ በኦ.ጄ. ሲምፕሰን ጉዳይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሟቿን አስከሬን ከራሷ ቤት በወጣ ብርድ ልብስ ሸፍነውት ነበር። ሲምፕሰን ደግሞ ወደዚያ ቤት የሚመጣ ሰው ነበር። ጠበቆቹ ይህን ችሎት ላይ አነሱት። ለሟቹ ክብር መስጠት የግድ ነው። ፖሊስ መኪናው ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ንጹህ አንሶላ ይዞ ቢሄድ ሁለቱም ይሆናል። አልፎም ከተለበሰ ጋቢው አይጣል፤ እሱም ኤግዚቢት ነው፣ ባለቤቱም ይመዝገብ።

አንስታችሁ አምጡ?

የመጨረሻው ምክራቸው ለአንባቢ የተሰጠ ስለሆነ እኔም ለአንባቢ ልመልስ። አታንሱ። በሩን ዝጉ፣ ሰው እንዳይጠጋ አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለፖሊስ ደውሉ። ዝናብ ሊያጥበው፣ ውሻ ሊወስደው ወይም መኪና ሊሄድበት ከሆነ ያኔ ሌላ ነው። በንጹህ ወረቀት ሸካራውን ጫፍ ይዛችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ዕቃ በአንድ ካርቶን። የት እንደነበረ ምልክት አድርጉ።

ከነካችሁ ደግሞ ንገሩ። እኔ ነክቼዋለሁ፣ በዚህ በኩል፣ በዚህ ሰዓት በሉ። ፖሊስ አሻራና ምራቅ ስጡን ቢላችሁ ተጠረጠርን ብላችሁ አትቀየሙ። የሚፈለገው የእናንተን ከውጤቱ ላይ ለመቀነስ ነው። ያልተነገረ ንክኪ ከወራት በኋላ የማይታወቅ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ መርማሪም ያንን ሰው ፍለጋ ይነሳል። ያገኛችሁት ሽጉጥ ከሆነ ግን ዝናብም ቢሆን አትንኩት። ጥይት ሊኖረው ይችላል።